የአንቋ አጥር

ሰው ፈጥኖ ሲፈርድ ባዩ ጊዜ፣ በተከዜ ቆላ ያሉ ሽማግሌዎች አንዲት ቃል ብቻ ይናገራሉ። ቃሏ አጭር ናት፤ የወጣችው ግን ከለቅሶ ቤት ነው።

በዚያ ቆላ አቶ ንዋይ የሚባሉ ባለፍየል ይኖሩ ነበር። ወደ ደጋ የዳሯት ልጃቸው በወሊድ ስታርፍባቸው፣ ባሏ ይርዳው የሦስት ወር ሕፃን ታቅፎ በሚያዝያ ወደ እርሳቸው ወረደ። ሕፃኗም በአያቷ ፍየሎች ወተት ነፍስ ዘራች።

በግንቦት አቶ ንዋይ እህል ሊሸምቱ ሩቅ ገበያ ሲወጡ፣ «ልጄ፣ ፍየሎቹን አደራ» ብለው ሄዱ። የበረቱን አጥር ጅብ ጥሶት ስለ ነበር ይርዳው ምሳር አነሣ። ከቤቱ ጀርባ በድንጋይ የተከበበ የአንቋ ቁጥቋጦ ነበር፤ ግራጫ፣ እሾሃም፣ አንድ ቅጠል የሌለው። በደጋ እንዲህ ያለ እንጨት የሞተ ነው።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዘርፌ ውኃ ተሸክመው ሲያልፉ ቆሙ።

«አንተ ደገኛ፣ ምሳር ይዘህ ነው እንዴ የተወለድኸው? በጥፍርህ ጫር አድርገህ አይተኸዋል?»

«እትዬ፣ ሬሳ ቢጭሩት ይነሣል?»

«እናንተ አገር ሬሳ ቆሞ ይታያል?» ብለው ሳቁና ሄዱ፤ አማቱ ሳያዝዙት የሚቆርጥ አልመሰላቸውም።

ይርዳው ሁሉንም ከሥር ቆርጦ፣ ቅርንጫፎቹን ዙሪያውን ተክሎ በረቱን አሳምሮ አጠረ።

አንቋ ለበረሃ የተሰጠው ጥበብ እንዳለ አላወቀም። ውኃ ሲጠፋ ቅጠሉን ጥሎ ይጾማል፤ እሾሁ ከአፍ ይጠብቀዋል፤ ከሚላጠው ቅርፊቱ ሥር ልምላሜውን ሰውሮ ይከርምና፣ ዝናብ ሳይጥል ከዕፀዋት ሁሉ ቀድሞ ያቈጠቍጣል። አቶ ንዋይ በድንጋይ የከበቡትም፣ ሌላ ቅጠል በማይገኝባት በዚያች ወር ፍየሎቻቸውን ሊያበሉበት ነበር።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘገየ። ፍየሎቹ የሚቀምሱት አጡ፤ ወተታቸው ነጠፈ። አቶ ንዋይ እህል ጭነው ሲመለሱ ሕፃኗ ማልቀስ እንኳ ትታ ነበር። ወይዘሮ ዘርፌ ከነጠፉባቸው ከራሳቸው ፍየሎች የጨመቋትን ጥቂት ወተት በቅል አመጡ፤ አልዋጠችውም። በሰኔ ሚካኤል ማግስት ቀበሯት።

ከቀብር መልስ ዝናቡ ጣለ። በሳምንቱ ለቅሶ ደራሾች በበረቱ አጠገብ ተቀምጠው ሳሉ፣ ይርዳው ቆርጦ ያጠረባቸው የአንቋ ቅርንጫፎች ቅጠል አውጥተው ታዩ። ሁሉም አየ። በመጨረሻ አንድ ዘመድ፣ «ልጅቱን የገደላት ድርቅ አይደለም፣ የዚህ ሰው ምሳር ነው። ከአገራችን ይውጣ» አለ።

ይርዳው ከአማቱ እግር ላይ ወደቀ። «እውነቱን ነው፣ አባቴ። ይርገሙኝና ልሂድ።»

አቶ ንዋይ ጋቢያቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው፣ «ቸኩሎ የፈረደ አንድ ሰው ለዚህ ቤት ይበቃል፤ ተነሥ ልጄ፣ የበጋን እሾህ ክረምት ይፍረደው» አሉ።