የውሃ አባቱ ሽንኩርት

ትንሽ ነገር ሲናቅ ሰዎች የሚጠቅሷት አንዲት አባባል አለች። የተነሳችው ከአያ ሸጋው የሽንኩርት ማሳ ነው።

አያ ሸጋው የመንደሩ የውሃ አባት ነበር። ከቀትር በኋላ ሜዳ ላይ ቆሞ የገዛ ጥላውን በእግሩ እየለካ የመስኖውን ውሃ በተራ ያድላል። የእያንዳንዱ ገበሬ ድርሻ፣ ተራው ከጀመረ በኋላ ጥላው በጫማ ተኩል እስኪጨምር ድረስ ነው። በደንቡ የውሃ አባት የሚያጠጣው ከሁሉም በኋላ ሲሆን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ውሃው ወደ ማዶ መንደር ይዞራል።

አያ ሸጋው ታዲያ ግማሽ መለካት አይወድም። «ግማሽ ጫማ ምን አላት? ሁለት ይሁንልህ» ይላል። ቀጣዩም ከዚያ ጀምሮ ሁለት ይወስዳል። ገበሬው ሁሉ እየመረቀው ይሄዳል።

በዚህ መሃል የራሱ ሽንኩርት ቢጫ ሆነ። የልጁ ሠርግ ለፋሲካ ማግስት ተቆርጧል፤ የድግሱ ወጥ የታሰበው በዚያው ሽንኩርት ነው። ሚስቱ ይታይሽ ማሳውን አይታ መጣችና፣ «የውሃ አባት ተብለህ ልጆችህ በጥም አለቁ» አለችው።

አያ ሸጋው ሌባ ፈለገ። ዓይኑ ያረፈው ከእሱ በፊት በሚያጠጣው በእንየው ላይ ነው፤ ጎመኑ ወፍሯላ።

«አያ ሸጋው፣ ቦዩን የምትከፍተውም የምትዘጋውም አንተ ነህ። በየት በኩል ልስረቅህ?» አለ እንየው።

ነገሩ አልበርድ ሲል ሽማግሌው አባ ቢረሳው ዘንድ ቀረቡ። አባ ቢረሳው ምንም ሳይፈርዱ በማግስቱ መጥተው ቦዩ ዳር ተቀመጡ። አያ ሸጋው ለመጀመሪያው ገበሬ ሁለት ጫማ ሲሰጥ አዩና ጠየቁት።

«ይህቺን ግማሽ ከማን ወስደህ ነው የሰጠኸው?»

«ከማንም አልወሰድኩም አባ፣ ከፀሐይ ነው።»

እሱም ለሁሉም እንደ ልማዱ እየጨመረ ቀጠለ። እንየው አጠጥቶ ሲጨርስ ፀሐይ ተራራውን ነክታለች። አያ ሸጋው እየሮጠ የራሱን ቦይ ከፈተ። ውሃው የመጀመሪያውን መደብ ጫፍ እንዳረጠበ የማዶ መንደር ሰዎች ዶማቸውን ይዘው ደረሱና አዞሩት።

አያ ሸጋው ጭቃው ላይ ቆሞ ሽቅብ ወደ ጠገቡት ማሳዎች፣ ቀጥሎም ወደ እንየው ተመለከተ። «ይቅር በለኝ፤ ሌባውስ የገዛ እግሬ ነው» አለው።

አባ ቢረሳው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱና፣ «አየህ ልጄ» አሉት፣ «ሽርፍራፊ ጥላ፣ ተጠራቅሞ ማሳ በላ።»