ፍልፈል ቤቱን ሊሸጥ

ተረት ልንገራችሁ፤ እናንተ «የላም በረት» በሉ፣ እኔም በስመ አብ ብዬ ልጀምር።

ዓይኑ የማያይ አንድ ፍልፈል ነበረ። ሚስቱ በረሃብ ተኛችበት። ጉድጓዱን በገብስ ሸጦ ሊያበላት፣ ከዚያም ይዟት ወንድሙ ዘንድ ሊጠጋ ቆረጠ። አንድ አቁማዳ ቢያገኝ ይበቃው ነበር። ግን ገዢ መከራከሩ አይቀርም ብሎ ሁለት ሊጠራ አሰበ።

ልትወልድ የደረሰች ጥንቸል መጣች። ገብታ አየችው፣ ወደደችው።

«ስንት ትላለህ፣ አባባ ፍልፈል?»

«ሁለት አቁማዳ፣ ልጄ።»

«ኧረ እግዜርን ፍራ! ለጉድጓድ? ግማሽ አቁማዳ ልስጥህ።»

«በግማሽማ ደጃፉንም አልሰጥሽ!»

«እንግዲያው ተወው» ብላ ሄደች።

ጥንቸሏ አንድ ሙሉ አቁማዳ ገብስ ነበራት። «ተመለሺ» ሲላት ልትጨምርለት፣ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ አዙራ ቀስ እያለች ነበር የምትራመደው። ፍልፈል ይህን አያይም።

«ጥራት እንጂ» አለች ሚስቱ በደከመ ድምፅ።

«ዝም በይ! ከጠራኋት ግማሹንም አትሰጠኝ። ራሷ ትመለሳለች።»

ጥንቸሏ ኮረብታው ድረስ ጆሮዋን እንዳዞረች ሄደች። እዚያ ምጥ ያዛትና ቁጥቋጦ ሥር ወለደች። ክረምቱ ያን ዕለት ገባ፤ ከልጆቿ አንድም አልቀረላት።

ፍልፈል ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዝናቡ ቅጠሉን ሲመታ ኮቴ መሰለው።

«ይኸው መጣች! አላልኩሽም?» አለ።

ሚስቱ ግን በተኛችበት ትንፋሿ ቆሞ ነበር።

እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ ለአፌ ያላችሁትን ዳቦ ለራበው ስጡልኝ።