ሰንበሌጡን የነቀለችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ዳርቻው በዓይን በማይደረስበት ሜዳ ላይ ሰርዶ፣ ማገጥ፣ ሰንበሌጥ፣ አጋምና ግራር ተቀላቅለው ይበቅሉ ነበር። አህያ ለስላሳውን ሰርዶ ትወዳለች፤ ረጅሙ ሰንበሌጥ ግን መንገድ ስለሚዘጋባት አትወደውም። ቆቅ እንቁላሏን የምትጥለው በዚሁ ሰንበሌጥ ሥር ነበር። አይጦችም እዚያው ይደበቃሉ።

የአይጦቹ መደበቅ ቀበሮን አንገበገባት። ጅብ ዘንድ ሄደችና፣

«አያ ጅቦ፣ ሲርብዎት ሳይ አዝናለሁ» አለችው።

«እኔም አዝናለሁ» አለ ጅብ።

«ይህ ረጅም ሣርና ቁጥቋጦ ባይኖር እኮ ምግብዎን ከሩቅ ያዩት ነበር!»

ጅብ ከሩቅ ማየቱን እንጂ ከሩቅ መታየቱን አላሰበም። ምራቁን እየዋጠ አህዮቹን ሰበሰበና «ከሰርዶ በቀር ሁሉንም ንቀሉ! ያልነቀለ ይበላል!» ብሎ አዘዘ።

አህያ ፈራች፤ ደስም አላት። ስትነቅል ቆቅ እየጮኸች መጣች።

«እንዴ፣ እህቴ! ቤቴን እኮ ነው የምትነቅይው!»

«ታዝዤ ነው፣ ምን ላድርግ? ደግሞስ ሰርዶ ካለ ምን ይጎድላል?»

ቆቅ ጫጩቶቿን ይዛ ሰንበሌጥ፣ አጋምና ግራር ወደበቀለበት ድንጋያማ ተረተር ወጣች። ጅብ ዳገት መውጣት ስለሚታክተው ያንን ስፍራ ነቅለውት እንደሆነ አላየም፤ አህዮቹም ሳይነኩት ቀሩ።

ቀበሮ መጠጊያ ያጡትን አይጦች እየለቀመች ጠገበች። አይጥ ሲያልቅ ግን እሷም ተራበች። ዝናቡም ቀረ። ሁሉም የተረባረበበት ሰርዶ እስከ ሥሩ ተግጦ አለቀ፤ አፈሩን ነፋስ ወሰደው። ሚዳቋና ከርከሮ ጅብን ገና ከሩቅ እያዩ ይፈረጥጡ ጀመር።

የአህያ ውርንጭላ ግን በረሃብ ዝሎ መሮጥ አቃተው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጅብ አየውና ገሰገሰ። እናቱ ዙሪያዋን ብታማትር የምትሸሸግበት አንድ ቁጥቋጦ የለም። የነቀለችው ራሷ ናት።

«ወደ ተረተሩ! ወዲህ!» ብላ ቆቅ ተጣራች።

«ልጄ መራመድ አልቻለም!»

«በአፍንጫሽ ግፊው!»

እየገፋችው፣ እየወደቀ እየተነሣ፣ ሰንበሌጡ ውስጥ ገቡ። ጅብ ተከትሎ ዘው ሲል የአጋም እሾህ አፍንጫውን ወጋው። «ወይኔ!» በሌላ በኩል ሞከረ፤ እዚያም እሾህ። የት እንደገቡም ጠፋው። አፍንጫውን እየላሰ ተመለሰ።

ውርንጭላው ከግራሩ ሥር የረገፈውን ፍሬ መቆርጠም ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ በአራት እግሩ ቀጥ ብሎ ቆመና ጆሮውን አራገበ። እናቱ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ቆቅ እህቴ፣ ቤትሽን አፍርሼብሽ ሳለ አስጠለልሽኝ» አለች አንገቷን ደፍታ።

«አሁን እሱን ተዪውና ብዪ። አንቺም እኮ ከስተሻል።»

ዝናቡ ዘግይቶም ቢሆን መጣ። አህያ ከተረተሩ በወረደች ቁጥር ጠጉሯ ላይ የተጣበቀው ዘር ሜዳው ላይ ይረግፍ ነበር፤ ሰንበሌጡም እንደገና በቀለ። ጅብና ቀበሮ ግን ረሃቡ ሲጠናባቸው፣ ጥፋቱን አንዱ በሌላው እያሳበቡ አገሩን ለቀው ሄደው ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ለእኛ አፍ የማይጥመው ሣር ለሌላው ቤት፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ ለራሳችን መሸሸጊያ መሆኑን ነው።