በዓይኑ የተማረው ልብስ ሰፊ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ይርዳው የሚባል። ሱቁ መናኸሪያው አጠገብ ነው፤ የከተማው ሙሽራም ሚዜም የሚለብሰው የሱን ስፌት ነበር። የሀበሻ ቀሚስ ጥለት አገጣጠሙን አይተው ከሌላ ወረዳ ድረስ ይመጡለታል።

ታዲያ ያ በሽታ መጣና "ቤታችሁ ተቀመጡ" ተባለ። ሰርግ ቀረ፣ ክርስትና ቀረ፣ መናኸሪያው ጭር አለ። ይርዳው መጀመሪያ ማስክ ሰፋ። ግን የስፌት መኪና ያለው ሁሉ ማስክ ሲሰፋ አይደል? ብዙም ሳይቆይ ማስኩ ከሰዉ አፍ በለጠ። ሱቁን ዘጋና መኪናውን ቤቱ አምጥቶ ጥግ ላይ አቆመው። የተሰፉት ቀሚሶችም ላስቲካቸውን እንደለበሱ ግድግዳ ላይ ቀሩ።

አንድ ቀን ሚስቱ ትርንጎ "ስማ አንተ" አለችው። "ሰው ከቤቱ ካልወጣ ልብስህን ማን አይቶ ይገዛል? ይህን መኪና እንሽጠውና እህል እንግዛበት።"

ይርዳው ደነገጠ። መኪናው ከሄደ እሱም አብሮ የሄደ ነው የሚመስለው፤ ሌላ ሥራ አያውቅማ። "ሰው ወደ ሱቁ ካልመጣ ሱቁን ወደ ሰው እወስደዋለሁ" አላት። "ድረ ገጽ እሠራለሁ። ሰዉ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቀሚሶቹን በስልኩ ያያቸዋል።"

"በየትኛው እውቀትህ?"

"እማራለኋ! የወንድሜ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ አደራ ብላ የተወችው ላፕቶፕ አለ። ትምህርቱ እንደሆነ በቪዲዮ ሞልቷል።"

ትርንጎ አሰብ አደረገችና "እንግዲያው እስከ ፍልሰታ ፍቺ ጊዜ አለህ። ከዚያ ወዲያ ግን አልሰማህም" አለችው። ተስማሙ።

ይርዳው መማር ጀመረ። ቪዲዮው ላይ አንድ አስተማሪ ኮድ ይጽፋል፤ ወዲያው ስክሪኑ ላይ ፎቶው ቦታውን ይይዛል፣ ቀለሙ ይለወጣል። ይርዳው ሶፋው ላይ ጋለል ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። "ገባኝ፣ ገባኝ" ይላል። አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ይከፍታል። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌም ተጋመሰ። ጎረቤቱ በአጥር በኩል "እህ፣ ትምህርት እንዴት ነው?" ሲለው፣ ደረቱን ነፍቶ "እየጨረስኩት ነው!" ይላል።

አንድ ጠዋት ስለ ድረ ገጹ ቀድሞ የነገራቸው እትዬ አልጋነሽ የሚባሉ የድሮ ደንበኛው ከሌላ ከተማ ደወሉ። ልጃቸውን በመስከረም ሊድሩ ነው፤ በጥቂት ሰው፣ እቤት ውስጥ። "ይርዳው፣ መንገድ ፈርቼ አልመጣም። ያን ድረ ገጽ ነው ምናምን የምትለውን ላክልኝና ቀሚስ ልምረጥ።"

"ዛሬውኑ እልክልዎታለሁ እትዬ!"

ላፕቶፑን ከፍቶ ተቀመጠ። ነጭ ባዶ ገጽ። እጁን ዘረጋ፣ መለሰ። ያን ሁሉ ቪዲዮ አይቶ የመጀመሪያዋን መስመር እንኳ ከየት እንደሚጀምራት ጠፋው። ከሰዓት እትዬ አልጋነሽ መልሰው ሲደውሉ "ኔትወርኩ እምቢ ብሎኝ ነው" አላቸው።

ትርንጎ ሰምታው ኖሮ "ኔትወርክ ከሌለ በምን ደወሉልህ?" አለችው።

ይርዳው አፈረ። "ሳየው ሁሉም ገብቶኝ ነበር። ልጽፈው ስል የለም።"

"አንተ ሰውዬ፣ ስፌት ልማር ብሎ ሱቅህ ለሚመጣው ሁሉ መጀመሪያ ምን ነበር የምትሰጠው?"

"አሮጌ ኮት።"

"ለምን?"

"እንዲተረትረዋ! እጅጌው የት ጋ እንደተያያዘ፣ ገበሩ እንዴት እንደገባ ተርትሮ ካላየ፣ መልሶም ካልገጠመ እንዴት ይሰፋል?"

"ወንበር ስቦ አንተን እያየ 'ገባኝ፣ ገባኝ' የሚለውንስ?"

"አባርረው ነበር" አለ ይርዳው፤ ራሱም ሳቀ።

በማግስቱ ሶፋውን ተወ። አስተማሪው ለመለማመጃ ብሎ የለቀቀው የተሠራ ገጽ ነበር፤ እሱን አወረደና እንደ አሮጌ ኮት መተርተር ያዘ። አንዷን መስመር ያወጣል፤ ፎቶው ይጠፋል። ይመልሳታል፤ ፎቶው ይመጣል። "አሃ፣ አንቺ ነሽ ለካ የያዝሽው!" ይላታል። ሌላዋን ሲነካት ገጹ በሙሉ ይፈርሳል፤ ይቆጣል፣ ይነሳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። እያለ እያለ የራሱን ቀሚሶች ፎቶ አስገባ። ትርንጎ ስታልፍ አየችና "ውይ! ምን አርገህ ነው ያስተኛሃት?" ብላ ሳቀች። እውነትም አንዷ ቀሚስ በጎኗ ተጋድማለች። ቢል ቢሠራ አልነሳ አለችው።

የፍልሰታ ፍቺ አለፈና በማግስቱ የመኪናው ገዢ መጣ። ትርንጎ ናት የቀጠረችው፤ ቃሏ ቃል ነው። ሰውየው መኪናውን እያገላበጠ ሲያይ፣ ይርዳው ላብ በላብ ሆኖ ገጹን ከነተጋደመችው ቀሚስ ኢንተርኔት ላይ ጫነና ሊንኩን ለእትዬ አልጋነሽ ላከላቸው።

ገዢው "እንግዲህ ላንሳው?" ሲል ስልኩ ጠራ።

"ይርዳው፣ አየሁት። ሦስተኛዋ ምን ሆና ነው የተኛችው?"

"ደክሟት ነው እትዬ።"

ከት ብለው ሳቁ። "አንገቴን አጣምሜ አየኋታ! ጥለቷ ልቤን ወሰደው። እሷን ለልጄ አርግልኝ፤ ለሚዜዎቿም እንደሷው አድርገህ ስፋልኝ። ልካቸውን እልክልሃለሁ።"

ትርንጎ አጠገቡ ቆማ ስትሰማ ነበር። ወደ ገዢው ዞራ "ይቅርታ ወንድሜ፣ በከንቱ አለፋንህ" አለችው። "መኪናው ሥራ አለው።"

ማየት ደስ ይላል፤ አያደክምማ። ሌላው ሲሠራ እያየን ራሳችንን የነቀነቅንበት ሁሉ የኛ እውቀት ይመስለናል። ባዶው ገጽ ፊት ስንቀመጥ ግን አብሮን የሚገኘው እጃችን አበላሽቶ መልሶ የገጠመው ብቻ ነው። ይርዳው ይህን ለስንቱ ሲያስተምር ኖሮ፣ ተማሪው እሱ ራሱ ሲሆን ረሳው።

እናንተስ? ያኔ ቤት በዋላችሁበት ጊዜም ሆነ ዛሬ፣ "ገባኝ" ብላችሁ ያለፋችሁት፣ ግን አንድም ቀን በእጃችሁ ያልተረተራችሁት ነገር ምንድን ነው?