ሦስት ሰው የከፈለበት ደን

በአንድ ወቅት ወሎ ውስጥ፣ ከአንድ የተራቆተ ተራራ ሥር፣ ይመር፣ አደም እና ከድጃ የሚባሉ የአንድ እናት ልጆች ይኖሩ ነበር። ከከተማ ሰዎች መጡና መንደሩን ሰበሰቡ። «ዛፍ ዓለምን የሚያግለውን ጭስ፣ ካርቦን የሚሉትን፣ በግንዱና በሥሩ ይዞ ያስቀምጣል» አሉ። «ከተቆረጠ ወይም ከነደደ ግን መልሶ ይተፋዋል። ተራራው ደን ይልበስ። ወንዙ ዳር አንድ የመስኖ መሬት አለ፤ ደኑን ላቆመው ሰው ይሰጣል። ደኑ ሲጸና ግርጌውም ስለሚከለል፣ ግርጌው የሚኖረው ሌላው ሰው አገር ለቅቆ ይሄዳል።»

ታላቅየው ይመር የሚያርሰው ተዳፋቱን ነበር። ማሳውን ትቶ ችግኝ ተከለበት፤ በጋ በጋውን ውሃ ተሸክሞ እየወጣ አጠጣው። ጽዱና ወይራው ሲጸድቅ ጎተራው ባዶ ቀረ። ልጁ ፋጡማ «አባዬ፣ ሠርቼ ልርዳችሁ» ብላ ዓረብ አገር ሄደች። በሣጥን ተመለሰች። ይመር ከቀበራት በኋላ አካፋውን ይዞ ወደ ችግኞቹ ወጣ።

አደም ጠባቂ ሆነ። አንድ ክረምት የከድጃ ቤት ምሰሶ ተሰብሮ ጣሪያው ልጆቿ ላይ ሊወድቅ ሆነ። ባሏ ሙሄ አንድ ጽድ ቆርጦ ሲወርድ አደም አገኘው።

«ለእህትህ ልጆች እኮ ነው» አለ ሙሄ።

«አንተን ካለፍኩ ማንን እከለክላለሁ?»

በዱላ ወገቡን አለው። ሙሄ ከተኛበት ሳይነሳ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። የአደም ሚስት «ነገ ደግሞ በእኔ ነው» ብላ ጥላው ሄደች። ከዚያ ወዲህ ግን ማንም መጥረቢያ ይዞ ተራራውን አልረገጠም።

ከድጃ አደምን ማናገር ተወች። ጠዋት በሯን ስትከፍት ደኑ ፊቷ ተገትሮ ታየዋለች፤ ትረግመዋለች። ልጆቿን የምታበላው ከደኑ በታች ባለችው የማሽላ ማሳ ነበር። ማሽላው ለአጨዳ በደረሰበት ሰሞን ከቆላ የተነሳ እሳት ሣሩን እየበላ ሽቅብ መጣ። ይመርና አደም ቅርንጫፍ ይዘው የደኑ ጠርዝ ላይ ቆሙ።

«ከድጃ፣ የቻልሽውን አጭደሽ ሽሺ!» ብሎ ጮኸ አደም።

ከድጃ ልጆቿን አርቃ አስቀመጠች። ነፋሱ ጋብ ሲል ከላይ፣ ከደኑ በኩል፣ ማሳዋን ለኮሰችው። ወንድሞቿ ወደ ደኑ የሚሻገረውን ነበልባል እየመቱ አጠፉ፤ ማሽላዋም ማሳው ዳር ያለው ቤቷም ነደዱ። የቆላው እሳት ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ሞተ። ደኑን ወድዳ አልነበረም። እሱ ከነደደ ሙሄ በከንቱ ሞተ ማለት ሆኖባት ነው። በዚያው ዓመት ታናሽ ልጇን ረሃብ ወሰደባት።

የከተማ ሰዎቹ ተመልሰው ደኑን ዞረው አዩና «ጸንቷል» አሉ። የመስኖ መሬቱ ለማን እንደሚገባ ሊፈርዱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ።

«እኔ ባልተክል ምን ይጠበቅ ነበር?» አለ ይመር።

«እኔ ባልጠብቅ ምን ይተርፍ ነበር?» አለ አደም፣ እህቱን ሳያይ።

«እኔ የልጆቼን እህል ባላነድ የምትከራከሩት በአመድ ላይ ነበር» አለች ከድጃ።

ይመር አጎንብሶ መሬት ይጭራል፤ አደም ዱላውን ይዞ ቆሟል፤ ከድጃ የቀሩ ልጆቿን አቅፋለች።

እንግዲህ እናንተ ከሽማግሌዎቹ መሃል ብትሆኑ መሬቱን ለማን ትሰጡ ነበር? ሁለቱን «አገር ልቀቁ» የምትሉትስ የትኞቹን ነው?