ሳይተክሉት የበቀለ

ቀኛዝማች አንዳርጌ ባዶ እጃቸውን መጥተው ወይዘሮ ውድነሽን ካገቡ ወዲህ፣ ወይዘሮዋ ከአባታቸው የወረሱትን ግቢ እንደ ግዛታቸው ይቆጥሩት ነበር። አንድ ጧት በሣሩ መካከል ቆመው አትክልተኛዋን አስጠሩ።

“ፍግ የምታበዪው ሣሩን ነው ሙጃውን?”

“ከአንድ ማዕድ ነው የሚበሉት፣ ጌታዬ። ሙጃው ይሻማል።”

“እንግዲህ ስሚኝ። በሰው ግቢ ማንም ሳይተክለው በቅሎ፣ የሌላውን ቀለብ እየበላ የሚወፍር ሁሉ አረም ነው። እስከ ማታ ነቅለሽ ካልጨረስሽ፣ አንቺ ትነቀያለሽ።”

አመሻሽ ላይ ተመልሰው መጡ። “ጨረስሽ?”

“አንድ ቀረኝ። እሱን ግን ያለ እመቤቴ ፈቃድ አልነካም።”

ቀኛዝማቹ ጎንበስ ብለው በእግራቸው ዙሪያ ያስሱ ጀመር። “የታለ?”

“እዚያው ነው፣ ጌታዬ። ጫማ አድርጓል።”

ወይዘሮ ውድነሽ ይህን ከመስኮት ሆነው ሰሙ።

“ተይው” አሉ፤ “እሱን እኔው አርመዋለሁ።”