ባሕር ያላየችው መምህርትና ሻንጣዋ

አንድ ከባሕር የራቀ የደጋ ከተማ ነበረ። በዚያ ከተማ መምህርት የሺሐረግ የምትባል ሴት ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ጂኦግራፊ አስተማረች። ውቅያኖስን በሰማያዊ ጠመኔ እየሣለች ማዕበል እንዴት እንደሚነሣ፣ ብረት የሆነ መርከብ ለምን እንደማይሰምጥ ስታስረዳ ተማሪዎቿ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጧት ነበር። እሷ ግን ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ያየችው ትልቁ ውኃ ከከተማው በታች ያለው ግድብ ነው፤ እሱም በበጋ ይደርቃል። ይህ ነገር ለማንም ያልተናገረችው ቁጭቷ ነበር። ሳላየው እሞት ይሆን እያለች ትፈራ ነበር።

ጡረታ በወጣችበት ዓመት የቀድሞ ተማሪዎቿ ተሰባስበው ያላሰበችውን ስጦታ አበረከቱላት። በአውሮፕላን እስከ አንድ ሩቅ የወደብ ከተማ፣ ከዚያ በትልቅ የመዝናኛ መርከብ የስምንት ቀን ጉዞ። ትኬቱን ስትቀበል አለቀሰች። ሁለት ነገር ግን ደጋግመው አስጠነቀቋት። አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ መርከቡ እስኪነሣ ያላት አራት ሰዓት ብቻ ነው። መርከቡ ደግሞ እንደ ከተማችን ሚኒባስ ካልሞላሁ አልሄድም አይልም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይሄዳል።

ጣጣው የመጣው ወሬው በከተማው ሲሰማ ነው። በዚያ ወደብ የዚህ ከተማ ልጆች ለሥራ ሄደው የቀሩ ብዙ ናቸው። የእኛን ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ እገሌ አውሮፕላን ሊሳፈር ነው ከተባለ የሚልከው ነገር የሚያጣ የለም። መጀመሪያ ጎረቤቷ ወይዘሮ አሰገደች አምስት ኪሎ በርበሬ በባልዲ ይዛ መጣች። "ለልጄ ለመንክር ናት። ትንሽ ናት፣ ቦታ አትይዝም" አለች። በማግስቱ ቅቤ መጣ። ማር መጣ። ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሁለት ጥንድ ጫማ፣ ከዚያም ሰው የሚያክል የተጠቀለለ ምንጣፍ መጣ፤ ላኪው አሥር ቤት ደረሰ። የምንጣፉ ባለቤት እንኳ ሲያስረክብ "ቦታ አይይዝም" ነው ያለው። መምህርቷ እምቢ ማለት አይሆንላትም። "እሺ፣ ምን ችግር አለው" ትልና ሻንጣውን በጉልበቷ ተጭና ትዘጋለች።

ታናሽ እህቷ ይርገዱም በበኩሏ ሥራ አልፈታችም። ስድስት ቀሚስ ተኩሳ አመጣች።

"መርከብ ላይ ራት በቀረበ ቁጥር ልብስ ይቀየራል አሉ። እንዳታሰድቢን!" አለቻት። በላዩ ላይ አንድ ፌስታል ሙሉ ድርቆሽ ጨመረች። "ምናልባት ምግባቸው ባይስማማሽስ፣ እትዬ?"

"ተማሪዎቼ መርከቡ ላይ በቀን አምስት ጊዜ ያበሉሻል ብለውኛል እኮ።"

"ይበሉ! ወሬ ሆድ አይሞላም" አለችና ይርገዱ ድርቆሹን ከቀሚሶቹ ሥር ሸጎጠችው።

ሻንጣው ሲያብጥ እህትማማቾቹ ወደ ወፍጮ ቤት ወሰዱት፤ በሰፈሩ ሌላ ትልቅ ሚዛን የለም። ለሁለት ተሸክመው ሚዛኑ ላይ ሲያወጡት ባለወፍጮው ቁጥሩን አይቶ "አርባ አንድ ኪሎ" አለ። ከዚያ በዱቄት የነጣ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ፣ "መምህርት፣ ለሽርሽር ነው የሚሄዱት ወይስ እዚያ ሱቅ ሊከፍቱ?" ሲል ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ።

እሷ ግን አልሳቀችም። አየር መንገዱ የሚፈቅድላት ሃያ ሦስት ኪሎ ነው። እዚያው ወፍጮ ቤት ሻንጣውን ከፈተችና ለራሷ ያስፈልገኛል ብላ ያዘጋጀችውን ለብቻ አስመዘነች። ሦስት ኪሎ ብቻ ሆነ። ያን ጊዜ ነገሩን ከራሱ እስከ እግሩ አሰበችው። እዚያ ስትደርስ ሻንጣው እስኪመጣ ትቆማለች። ከዚያ ያንን ሁሉ እየጎተተች አሥር ቤት፣ ያውም በአሥር ሰፈር፣ ታንኳኳለች። በአንዱ ደጅ ባልዲ አንጠልጥላ ቆማ መርከቡ ሲጮህ ትሰማዋለች።

"ይርገዱ፣ ባሕሩን ሳላየው ልመለስ ነው" አለች።

ከወፍጮ ቤት በቀጥታ ወደ ድሮ ትምህርት ቤቷ ሄደች። ለምን እንደሄደች እሷም አታውቅም፤ ሰው ሲጨንቀው እግሩ ወደለመደበት ይወስደዋል። ዘበኛው ዘጠነኛ ሀ ክፍልን ከፈተላት። ግድግዳው ላይ በወጣትነቷ በእጇ የሣለችው የአገሪቱ ካርታ እስካሁን አለ። ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ ብዙ ተመለከተችው። ከዚያ ብቻዋን ትስቅ ጀመር። ዘበኛው ጡረታው ነካት እንዴ ብሎ ደነገጠ።

"ዕቃ ለላኩት ሁሉ ንገርልኝ" አለችው። "እሑድ ከሰዓት በኋላ እዚህ ክፍል እፈልጋቸዋለሁ። የሚቀር እንዳይኖር!"

እሑድ ሁሉም መጡ። የላኩት ዕቃ ክፍሉ ጥግ ተደርድሮ ጠበቃቸው። ሽማግሌ ከአሮጊት በጠባቡ ዴስክ ላይ ተጨናንቀው ተቀመጡ። ገሚሶቹ ድሮ እዚያው ክፍል ያስተማረቻቸው ናቸውና ሳያስቡት እጃቸውን አጣምረው ዝም አሉ።

"በዚህ ካርታ ላይ ወንዛችን አለ?" ብላ ጠየቀች።

"አለ!" አሉ በአንድ ድምፅ።

"የአሰገደች የጎመን ጓሮስ?"

ሳቅ ሆነ። "የለም!"

"ለምን?"

"ቦታ አይበቃማ" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

"ልክ ነው። ሁሉን ጓሮና ሁሉን አጥር ብሥለው ኖሮ ካርታው አገሩን ያክል ነበር። ማን ያጥፈዋል? ማንስ ይዞት ይሄዳል? ካርታ የሚጠቅመን ምን መተው እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ስለሣለው ነው። እዚህ አንድ ሴንቲሜትር ለአሥር ኪሎ ሜትር ትቆማለች፤ አገሬን አሳነስሽው ብሎ የከሰሰኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም። ሻንጣዬንም እንዲሁ ላደርገው ነው። ከእያንዳንዳችሁ አንድ ማንኪያ በወረቀት ወይም በላስቲክ ጠቅልዬ እወስዳለሁ። በማንኪያ የማይሰፈር የላከ ደብዳቤ ይስጠኝ። ልጆቻችሁ ደግሞ ወደቡ በር ላይ ተሰብስበው ይጠብቁኛል፤ ደውዬላቸዋለሁ።"

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወይዘሮ አሰገደች ግን ከዴስኩ ብድግ አለች።

"ስድስት ዓመት ላላየሁት ልጄ አንድ ማንኪያ? ምን በደልኩሽ፣ የሺሐረግ?"

ለመምህርቷ ይህ ከባድ ነበር። ሃያ ዓመት አጥር ተጋርተዋል፤ ስትታመም ያስታመመቻት አሰገደች ናት። እሺ አምጪው ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንደምንም ዋጠችው።

"መንክር እዚያ በርበሬ አጥቶ ነው?" አለቻት።

"አላጣም። በየሱቁ ይሸጣል ይላል።"

"ታዲያ የናፈቀው ምኑን ነው?"

አሰገደች ባልዲዋን እያየች "የእጄን" አለች ቀስ ብላ።

"እጅሽ ማንኪያውም ውስጥ አለ። ባልዲውን ይዤ ከሄድኩ ግን መርከቡ ያመልጠኛል። እኔ ይህን ባሕር ዕድሜዬን ሙሉ ነው የጠበቅሁት፣ አሰገደች።"

አሰገደች ባልዲዋን ከጥግ አንሥታ ወጣች። መምህርቷ አልጠራቻትም፤ ልቧ ግን አብሯት ሄደ።

በቀሩት ቀናት የራሷንም ዕቃ እንዲሁ አደረገችው። ከስድስቱ ቀሚሶች የማይጨማደደውን ጥቁሩን ብቻ መረጠች፤ ከእሱ ጋር በተራ የሚለበሱ ሦስት ሸሚዞች። ልብሱን አጥፋ ከመደርደር ይልቅ አጥብቃ ጠቀለለችው። ካልሲዎቹን በነጠላ ጫማዋ ውስጥ ሸጎጠች። ከባዱን ጫማና ሹራቧን ለብሳው ልትሄድ ወሰነች። መድኃኒቷን፣ ፓስፖርቷንና ደብዳቤዎቹን ከላይ፣ እጇ በቶሎ በሚደርስበት አደረገች። ይርገዱ ድርቆሹን ለሦስተኛ ጊዜ ልትከት ስትል እጇን ያዘቻት። "በአንድ ቀሚስ ስምንት ቀን! ምን ይሉሻል?" ብላ ይርገዱ ጮኸች። "እዚያ የሚያውቀኝ የለ፤ ማን ምን ይለኛል?" አለቻት። በመጨረሻ የተገኘው አውሮፕላን ውስጥ ከመቀመጫ በላይ የምትቀመጥ፣ ሰባት ኪሎ እንኳ የማትሞላ የእጅ ሻንጣ ነበረች።

በጉዞዋ ጠዋት አውቶቡስ ተራ ላይ ስትሰናበት ወይዘሮ አሰገደች ነጠላዋ ከትከሻዋ እየወደቀ እየሮጠች መጣች። የአውራ ጣት የምታክል ጥቅል ወረቀት በመዳፏ አስጨበጠቻት።

"አንድ ማንኪያ ብቻ ስትዪኝ አበድኩ። በኋላ ግን አንድ ከሆነማ ብዬ በርበሬውን ሦስት ጊዜ ነፋሁት። እንዲህ ያለ በርበሬ በሕይወቴ አዘጋጅቼ አላውቅም። ባልዲ ሙሉ ቢሆን ኖሮ መች እንዲህ እለፋለሁ?" አለችና አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ሳመቻት።

መምህርቷ ከዋና ከተማው አውሮፕላን ስትሳፈር አጠገቧ አንድ ነጋዴ ተቀመጠ። ወደዚያው መርከብ ነው የሚሄደው። ሦስት ትልልቅ ሻንጣ አስጭኗል፤ አንዱ ሙሉ ልብሱ ብቻ ነው። የእሷን ሻንጣ አይቶ፣ "እማማ፣ ይቺ የምሳ ዕቃዎ ናት። ሻንጣዎስ?" ብሎ ቀለደባት። እሷም ፈገግ አለች። አውሮፕላኑ ግን ዘግይቶ ተነሣ፤ በመንገድም አውሮፕላን ሲቀይሩ እንደገና ዘገየ። የወደቡ ከተማ ሲያርፉ ከአራቱ ሰዓት የቀረው አንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ ነበር። መንገደኛው ሁሉ ሻንጣ እየዞረ በሚወጣበት ቦታ ተኮልኩሎ ይጠብቅ ጀመር። ምንም አይወጣም። መምህርቷ ሻንጣዋን በትከሻዋ አንጠልጥላ አለፈች። ጥቂት ሄዳ ግን ነጋዴውን አስታወሰችና ተመለሰች።

"ይምጡ እንሂድ፣ ይረፍድብዎታል።"

"ሻንጣዬንስ ጥዬ?"

"አድራሻ ትተው ይሂዱ፤ ሻንጣው ፈልጎ ያገኝዎታል። መርከቡ ግን ተመልሶ አይመጣልዎትም።"

ነጋዴው ባዶውን ማዞሪያ አየ፤ ሰዓቱን አየ። "ባለቤቴ ብትሰማ!" አለና አድራሻውን አስመዝግቦ ተከተላት።

ወደቡ በር ላይ አሥሩ ልጆች ተሰልፈው ቆመዋል። "ቲቸር!" ብለው ሲጮኹ የወደቡ ጥበቃዎች ዞረው አዩ። የተመለሰ ፈተና እንደምታድል በየስማቸው ጠራቻቸው። መንክር ጥቅሉን ከፍቶ አሸተተው። አላስነጠሰም፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞላ። "እማዬ ራሷ ናት" ብቻ ነው ያለው። በአሥር ደቂቃ ሁሉም ተዳረሰ፤ የቀረውን ጊዜ እያንዳንዳቸውን ደረቷ ላይ አስጠግታ ሳመቻቸው። አሥር ቤት ስታንኳኳ ብትውል ኖሮ አንዳቸውንም እንዲህ ባላቀፈች።

መርከቡ ሲጮህ መምህርት የሺሐረግ መሰላሉን ወጥታ፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ላይኛው ፎቅ ሮጠች። የስልሳ ዓመት ሴት ሮጠች ስላችሁ እመኑኝ። ከመርከቡ ጫፍ ደርሳ ብረቱን በሁለት እጇ ያዘች። ወደቡ እየራቀ፣ ከፊቷ ያለው ውኃ እየሰፋ፣ መጨረሻው ከሰማይ ጋር እየተደባለቀ ሄደ። የአገሯ ጠመኔ ሁሉ ቢሰበሰብ ይህን ቀለም አይሠራም። ነጠላዋን ነፋስ ሲያውለበልበው ምንም ሳታፍር እልል አለች። ሰዉ ዞሮ አያት፤ ደገመችው። ነጋዴውም ከኋላዋ አጨበጨበ። ስምንቱንም ቀን ከመርከቡ ሱቅ በገዛት፣ ዓሣ በተሣለባት አንዲት ሸሚዝ ከረመ፤ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም እያለ ራት ላይ ይጨፍር ነበር። ቀሚሷን ባለመቀየሯ መምህርቷን ምን ሆነሽ ያላት ሰው አልነበረም።

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችን ወደ ምንመኘው ቦታ የማንደርሰው መንገዱ ርቆን አይደለም። እሺ እያልን የተቀበልነው፣ ምናልባት ብለን የጨመርነው፣ ሰው ምን ይለኛል ብለን የሸከፍነው ይከብደናል። መተው ደግሞ ፍቅርን አያሳንስም፤ ጥቂት ብቻ ስጡ ስንባል ነው ከልባችን ምርጡን የምናወጣው። ጉዞው የራሳችን ነው፤ ሸክሙን የመምረጥ መብቱም የራሳችን ነው።

እስቲ እናንተም አስቡት። ዕድሜያችሁን ሙሉ ልታዩት የተመኛችሁት ባሕር የትኛው ነው? እጃችሁን ይዞ ያስቀራችሁስ የማን ዕቃ ነው?